የሴጉብ ጣሪያና የአህያዋ ገለባ

በቴቁሔ መንደር ከሴጉብ የባሰ ግትር ፍጡር ካለ የገዛ አህያው ብቻ ናት። ጎረቤቱ ነኝ፤ ጣሪያችን ጎን ለጎን ስለሆነ ማንኮራፋቱን ከሚስቱ እኩል ችዬ ኖሬያለሁ። በድንጋይ አጥር የሚስተካከለው የለም፤ የመንደሩን ወይን ሁሉ ያጠረው እሱ ነው። የራሱን አዲስ ቤት ሲሠራ ግን ለጠፍጣፋ ጣሪያው ዳር መከታ አላበጀለትም።

ሕጉ አልጠፋውም። አዲስ ቤት የሠራ ሰው፣ ማንም ወድቆ ደሙ በቤቱ ላይ እንዳይሆን ለጣሪያው መከታ ያድርግ የሚለውን ሁላችንም ጡት ሳንጥል ሰምተነዋል። ሴጉብ ግን እግዜር ይህን ያለው ለሰካራምና ለፍየል ነው ባይ ነው። በጋ ሲገባ እንደ ማናችንም ምንጣፉን ይዞ ጣሪያው ላይ ይተኛል።

አንድ ማለዳ ዱብ የሚል ነገር ሰምቼ ብወጣ፣ ሴጉብ ከነምንጣፉ የአህያዋ ገለባ ክምር ላይ ተቀምጧል። አህያዋን ላያት ወርጄ ነው አለኝ። በደረጃው አይሻልህም ነበር ወይ ብለው፣ ቸኩዬ ነው አለ። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታልና፣ ውሃ የሚቀዱት ሴቶች ባዩት ቁጥር ዛሬስ በየት በኩል ልትወርድ ነው እያሉ ይጠይቁት ጀመር። እሱ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ገለባውን ጨመረበት። ከዚያ ወዲያም አንዴ ወደቀ፤ አሁንም ገለባው ተቀበለው። ይኼው ልቡን አሳበጠው።

ሚስቱ ዓዙባ ልጃቸው ያሚን መዳህ እስኪጀምር ታገሠች። የዳኸ ዕለት ልጁን አዝላ ደጃፉ ላይ ቆመች።

«ገለባው አለ እኮ፣ አንቺ ሴትዮ» አላት ሴጉብ። «ወድቄ ምን ሆንኩ?»

«ለሰው ወይን ድንጋይ፣ ለልጅህ ገለባ?» አለችው። «መከታ እስክትሠራ ድረስ እኔንም ልጅህንም በዚህ ደጅ አታየንም።»

ወደ አባቷ ቤት ሄደች። ሴጉብ ምስሩን እያሳረረ፣ ብሶቱን ለአህያዋ እያወራ ሰነበተ። አሳዘነኝ፤ ቢሆንም ሳቄን መቆጣጠር አልቻልኩም። በመጨረሻ ድንጋይ መቆለል ጀመረ፤ ከቁርጭምጭሚቱ ሲደርስ ግን አቆመና፣ ሕጉ ቁመቱን አልተናገረም አለ። ወደ ዓዙባም እኔን ላከኝ። እሷም ቁመቱን በእጄ ሳሳያት፣ ጉንዳን ሊያጥር ነው ወይ በለው ብላ መለሰችኝ። እግዜርና ሚስቴ ተማክረውብኛል እያለ እስከ ወገቡ አደረሰው።

ዓዙባ ተመለሰች። ጣሪያው ላይ ወጥተን ዳቦና የደረቀ በለስ ቀረበልን። ያሚን ገና መሬት ከመንካቱ እየዳኸ በረረ፤ የሄደውም ሌላ ቦታ አይደለም፣ አባቱ ወደሚወድቅበት ወደዚያው ዳር ነው። ግንባሩን ከመከታው ጋር አጋጨና ቁጭ አለ። ከዚያ ተናዶ ድንጋዩን በመዳፉ ይመታው ጀመር። ሁላችንም ሳቅን፤ ከሁሉም የባሰ የሳቀው ሴጉብ ነበር።

ልጁን ሊያነሳ ሄዶ፣ በመከታው ላይ አንገቱን አስግጎ ወደ ታች አየ። ሳቁ ተቋረጠ። እኔም ተነስቼ አየሁ። ከሥር ገለባ የሚባል የለም፤ ያገጠጠ ድንጋይ ብቻ ነው። አህያዋ ገመዷን በጥሳ፣ የመጨረሻውን ጉርሻ እያላመጠች ቀና ብላ ታየናለች።

ሴጉብ ልጁን ደረቱ ላይ አጣብቆ ጀርባውን ለመከታው ሰጥቶ ተቀመጠ። ማናችንም አልቀለድንበትም።

«ዓዙባ» አላት፣ «ይኼን ነገር አንድ ድርድር ድንጋይ ልጨምርበት መሰለኝ።»