ዝንብ የተሸከመ ሐኪም

የልጅ ልጄ ንፋስ መውጫ ላይ ወጣቶች ሰብስባ ስለ ጤናና ባህሪ ለውጥ፣ ይልቁንም ዝንብ ከሰው ሰው ስለሚያዛምተው የዓይን በሽታ፣ ታስተምራለች። እኔም ከኋላ ተቀምጫለሁ፤ ለመማር ሳይሆን ለጥላው። ድንገት በክር የተንጠለጠለች ወረንጦ ከፍ አድርጋ ስታሳይ ብረቷ ብልጭ አለች። እኔም ከዚያ ጠፋሁ።

ልጅ ሆኜ ደጃፋችን ነኝ፤ የገብስ ገለባ ይሸታል። እናቴ ራሷን ጭኔ ላይ አሳርፋለች። የዓይኗ ቆብ ወደ ውስጥ ታጥፎ ሽፋሽፍቱ ብሌኗን ይወጋታል፤ ካልተነቀለላት ብርሃኗ ነው የሚጠፋ። ወረንጦዋን ግን ፊቱን ላልታጠበ ልጅ ከማተቧ ፈትታ አትሰጥም።

«ዝንብ የተሸከመ ሐኪም አልፈልግም!» ትላለች።

እኔ ደግሞ ውሃን እንደ ድመት የምፈራ ጀግና ነበርሁ። ቢሆንም የሐኪምነቱን ሹመት እህቴ እንዳትነጥቀኝ ገና ጎሕ ሲቀድ ወደ ምንጩ እሮጣለሁ። እሷ ቀድማኝ ታጥባ ትጠብቀኛለች!

አንድ ቀን ጎረቤታችን፣ «ልጆቹን ምን ታስቸግሪያለሽ? እኔ እነቅልልሽ የለም ወይ?» አለቻት።

«ተይኝ እቴ» አለች እናቴ በዝግታ፤ «የኔስ ዓይን ሄዷል። የነሱን ነው የማክም።»

«መች ታመምንና?» አልሁ በልቤ። ይኸው አእምሮዬ!

«አባባ!» አለች የልጅ ልጄ። «እርስዎን ፊት መታጠብ ያስለመደዎት ምንድን ነው?»

«ሹመት!» አልሁ።

ወጣቶቹ ሳቁ። በዚህ ዕድሜዬ፣ ያለ መነጽር፣ የሁሉንም ፊት አጥርቼ አየሁ። ወዲያው ዓይኔ እንባ አቀረረ። በእጄ ልጠርግ ስል እናቴ የተቆጣችኝ መሰለኝና፣ መጀመሪያ ልታጠብ ተነሣሁ።