«ርቦናል» ያሉት ንጉሥ

ሆሳዕና አማርኛ ሳስተምር፣ መምህራን ክፍል ውስጥ ከጎኔ የሚቀመጠው የሥዕል መምህር ከሀዲያ ገጠር፣ ከጃጁራ የመጣ ነበር። ስብሰባ ላይ አፉን አይከፍትም። አማርኛዬ ይሰባበራል ብሎ ያፍራል፤ የሚለውን ሁሉ በእርሳስ ነው የሚለው። እኔ ዝምተኛ ሰው ያናድደኛል፣ እሱን ግን ከልቤ እወደው ነበር።

ለወላጆች በዓል የሠራው ካርቱን አንድ ንጉሥ ነው። ዘውዱ ከጭንቅላቱ ሰፍቶ ጆሮው ላይ አርፏል። ሞልቶ የተረፈ ገበታ ፊት ተቀምጦ «ርቦናል» ይላል፤ ነገሥታት ስለ ራሳቸው ሲናገሩ «እኛ» ነዋ የሚሉት። በበሩ በኩል አንድ ከሲታ ገበሬ ማንኪያ ይዞ፣ ፊቱ በደስታ በርቶ እየገባ ነው። ንጉሡ እሱንም የጨመረ መስሎታል።

«ከየት አመጣኸው?» ብዬ ስጠይቀው ሳቀ።

«ቤታችን ሀዲይሳ ብቻ ነው የሚወራው። ልጅ ሆኜ ታሪክ መጽሐፍ ላይ ንጉሡ ‹እኛ› ሲሉ እኛንም ጭምር መስሎኝ ደስ አለኝ። ለመምህሩ ስነግራቸው ክፍሉ በሙሉ ሳቀብኝ።»

ያን ሁሉ ዘመን አማርኛ ሳስተምር እንዲህ ያለ ነገር አስቤ አላውቅም። ቀናሁበት፤ ኮራሁበትም።

ርዕሰ መምህሩ ግን ፈራ። የወላጆች ኮሚቴ ሰብሳቢው ገበያ ዳር ጨርቅ የሚነግዱ የጉራጌ ሽማግሌ ናቸው፤ ሱቃቸው ውስጥ እስከ ዛሬ የድሮው ንጉሥ ፎቶ ተሰቅሏል። «ጋሼን ቅር ካላቸው ካርቱኑ ከግድግዳው ይወርዳል» አለ። ጓደኛዬ ሲቆጣ አይቼው አላውቅም ነበር። ያን ቀን «ይሄ ከወረደ ሁለተኛ ሥዕል ለሰው አላሳይም» አለኝ። ግትር ስለሆነ እንደሚያደርገው አውቃለሁ።

በበዓሉ ቀን ሽማግሌው መነጽራቸውን አድርገው ካርቱኑ ፊት ቆሙ። ርዕሰ መምህሩ ይቅርታ ሊጠይቅ ጉሮሮውን ጠረገ። እኔ ሁለቱንም በሆዴ እራገማለሁ።

«አንተ ነህ የሣልከው?»

«እኔ ነኝ፣ አባባ።»

«እና ንጉሡ ገበሬውን አካፈሉት?»

ጓደኛዬ ሥዕሉ ላይ ያለውን ገበሬ አየ። አማርኛው የጠፋበት መስሎኝ ልናገርለት ስል፣ ቀስ ብሎ «እኔ በንጉሡ ዘመን አልነበርኩም፤ እርስዎ ነበሩ» አለ።

ሽማግሌው መነጽራቸውን አወለቁ። ወደ ርዕሰ መምህሩ ዞረው «እንዳይወርድ» አሉ። ከዚያ ጓደኛዬን ትከሻውን ይዘው፣ ዝቅ ባለ ድምፅ «አላካፈሉንም» አሉት።