ባንዳው ያነሣልኝ ልጅ

ጣሊያን ደብረ ታቦር ላይ ምሽጉን ሠርቶ በተቀመጠበት ዘመን የመጀመሪያ ልጄን ወለድሁ። ባሌ ማርገዜን ሳያውቅ ዱር የገባ አርበኛ ነበር። ወንድ ልጅ በአርባ ቀኑ ክርስትና እንደሚነሣ እኛም እናውቃለን፣ ባንዳዎቹም ያውቃሉ። አባት ለልጁ ክርስትና መምጣቱ አይቀርም ብለው ቀኑን ከእኔ እኩል ይቆጥሩ ነበር።

ቀኑን ላሳልፈው እንዳልል ልጁ ታመመ። ሳይጠመቅ ቢሞትብኝ ቤተ ክርስቲያን አጥር ውስጥ አይቀበርም። ባሌ የልጁን መወለድ በወሬ ሰምቶ ነበርና "እንዳትመጣ" ብዬ ላክሁበት። መቼ ሰምቶኝ ያውቃል? በዱር ባሳደገው ጎፈሬና ጢም ላይ ቢጫ ቆብ ደፍቶ፣ ባሕታዊ መስሎ ከክርስትና ቤቱ ግድግዳ ሥር ተቀመጠ። ጸሎት ግን ከአባታችን ሆይ ወዲያ አያውቅም፤ እሱንም መሐሉን ይዘላል።

ውኃው ከተባረከ በኋላ አንድ ባንዳ ጠመንጃውን አንግቶ ግቢው ውስጥ ገባ። መልኩን የማያውቀውን ሰው ሊይዝ የመጣ ነውና ፊታችንን ተራ በተራ ያይ ጀመር። ክርስትና አባት ይሆናል ያልነው የሐሙሲት ሰው ይህን ሲያይ ነጠላውን እሾህ ላይ ጥሎ አጥር ዘለለ።

ቄሱ ግትር ሽማግሌ ናቸው። "ያለ ክርስትና አባት አላጠምቅም" አሉ። ግቢው ውስጥ ከሴት፣ ከካህንና ማንነቱን ቄሱ ከሚያውቁት ባሌ በቀር የቀረ ሰው የለም። ዞረው ባንዳውን አዩት።

"አንተ! ማተብ አለህ?"

ደንግጦ ከኮሌታው ሥር መዝዞ አሳየ።

"ጾመሃል?"

"ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመስሁም አባቴ፤ ስንቅ አልሰጡኝም።"

"ደግ። ጠመንጃህን አኑርና ግባ።"

ጠመንጃው ቢጠፋ እንደሚሰቅሉት ተናገረ። ከዚያ ግቢው ውስጥ የሚታመን ሰው ፈልጎ ባሌ ዘንድ ሄደ።

"አባ፣ ይያዙልኝ። ጎርሷል፣ ምላጩን እንዳይነኩት።"

"ይባርክህ፣ ልጄ" አለው ባሌ።

ክርስትና ቤት ውስጥ ባንዳው ልጄን ታቅፎ፣ ፊቱን ወደ ምዕራብ መልሶ፣ ስለ ልጄ ሆኖ "እክሕደከ ሰይጣን" አለ። ሰይጣንን መካዱ ነው። ቄሱ "አልተሰማኝም" እያሉ ሦስት ጊዜ አስደገሙት። ሳምንት ሙሉ ድምፁ የጠፋው ልጄ ውኃው ሲነካው ግቢውን በጩኸት አናጋው። እኔም በደስታ አለቀስሁ።

ማተቡ ታስሮለት ስንወጣ ቄሱ ደስታው አዘናግቷቸው በመስቀላቸው ወደ ባሕታዊው እያመለከቱ "በል፣ ለአባቱ አስረክበው" አሉ።

ባሌ ተነሣ። አንዱ የሌላውን የጎረሰ ጠመንጃ፣ ሌላው የአንዱን ልጅ ይዘው ተፋጠጡ። ልጅ ያነሣ ሰው ከወላጁ ጋር አበልጅ ነው፤ አበልጅ በአበልጁ ላይ እጁን አያነሣም። ይህ በሰላሙ ጊዜ ነው። በጦርነት ጊዜስ? ማንም አልነገረንም።

ባንዳው ቀድሞ ልጁን ሰጠ። ባሌ በአንድ እጁ ልጁን፣ በአንድ እጁ ጠመንጃውን ይዞ ቆመ። "ሂድ፣ ይዘህ ሂድ!" ልለው ፈለግሁ። ዱር ውስጥ ለሦስት ሰው አንድ ጠመንጃ ነበራቸው። እሱ ግን፣ ያ ሞኝ፣ ጠመንጃውን መለሰለት። በዚያች ሰዓት ጠላሁት።

ባንዳው ጠመንጃውን ተቀብሎ አነገተ። የልጁን እግር ሳመ።

"አበልጅ፣ በየት በኩል ልትሄድ ነው?"

"ወደ ጉና።"

"እንግዲያው እኔ ይፋግ ሄጄ እፈልግሃለሁ።"

ሦስት ቀን ሙሉ ይፋግን ቤት ለቤት አሰሰ አሉ፤ አልጋ ሥር ሳይቀር እያጎነበሰ። ባንዳ ሲባል እተፋ የነበርሁት ሴትዮ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ያን ሰሞን ባዶ እጁን ሲመለስ እንዳይገርፉብኝ ብዬ ለባንዳ ተሳልሁ።