አራት ነጥብና አምስት ባትሪ

የያዙኝ በባትሪዎቼ ምክንያት ነው። መብራት በጠፋ ቁጥር ተማሪዎቼ ትምህርት እንዳያልፋቸው ብዬ፣ የኬሚስትሪ መምህር ነኝና፣ አምስት ባለ ዘጠኝ ቮልት ባትሪዎች በሽቦ አያይዤ፣ ቀለም በኤሌክትሪክ የምለይበት ሳጥን ሠርቼ ነበር። ቤት ለቤት ሲፈትሹ ወደ እኔ የመጡት ወታደሮች ሳጥኑን ሲያዩ ፈንጂ ነው አሉ። በእነሱ ቦታ ብሆን እኔም እደነግጥ ነበር።

እኔንና ሌሎች እስረኞችን ያስገቡን ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ ባለ የእህል መጋዘን ውስጥ ነው። ወለሉ ሲሚንቶ፣ አየሩ የጤፍ ገለባና የአይጥ ሽታ፤ ከጮቄ ተራራ በኩል የሚመጣው ብርድ በቆርቆሮው ሥር ይገባል። አጠገቤ የሚተኙት ከመርጡለ ማርያም አካባቢ የመጡ ሽማግሌ፣ የቁም ጽሕፈት መምህር ነበሩ። ሁላችንም «የኔታ» እንላቸዋለን። መንግሥትን የሚሰድብ ወረቀት ገበያ ላይ ተለጥፎ ተገኘ፤ ፊደሉ ያምራል፣ ቀለሙ ጥቁር ነው፤ እንዲህ የሚጽፍ ከእሳቸው ሌላ የለም ተብለው ተያዙ። ለደብራቸው የሚጽፉት ብራና ግማሽ ላይ ቀርቷል፤ ዓይናቸውም እየደከመ ነው።

«ይኼ ክረምት ካመለጠኝ አልጨርሰውም» አሉኝ አንድ ቀን። ስለ እስሩ ከዚያ ሌላ ሲያማርሩ አልሰማሁም።

መርማሪው በዕድሜ እኩያዬ ነው። ሳጥኔን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ምን እንደሚሠራ ጠየቀኝ። ጥቁር ቀለም ብዙ ጊዜ የሌሎች ቀለሞች ድብልቅ ነው፤ በጨው ውሃ በራሰ ወረቀት ላይ ጥቂት ጠብ አድርገን ኤሌክትሪክ ስናሳልፍበት እያንዳንዱ በየራሱ ፍጥነት እየሄደ ይለያያል አልኩት። አላመነኝም። እንግዲያው እዚሁ አሳየኝ አለና ያን የገበያ ወረቀትና ከየኔታ የተወሰደውን የቀለም ቀንድ አወጣ።

ከወረቀቱ መጨረሻ ላይ አራት ነጥቧን ብቻ በምላጭ ቆርጦ ሰጠኝ። ከዚያ በላይ ማስረጃው አይነካም አለ፤ እኔም ከዚያ በላይ አያስፈልገኝም ነበር። በሳኒታይዘር ጠብታ አርሼ ቀለሟን በጨው ውሃ ወዳራስኩት ወረቀቴ አሳለፍኩ፤ አጠገቧ ከቀንዱ አንዲት ነጥብ አኖርኩ። የወረቀቴን ጫፎች ሁለት የጨው ውሃ ብርጭቆ ውስጥ ነክሬ ሽቦዎቹን አገናኘሁ። ግማሽ ሰዓት ያህል ሁለታችንም ጎንበስ ብለን ጠበቅን። የገበያው ቀለም ተከፈለ፤ ሰማያዊው ቀድሞ ሄደ፣ ሐምራዊው ከኋላ ተጎተተ። የማርከር ቀለም ነበር። ከጥላሸት የተሠራው የየኔታ ቀለም ግን ንቅንቅ አላለም።

መርማሪው ተነሥቶ በሩን ዘጋ። ሳጥኑ ፈንጂ እንዳልሆነ ገብቶኛል አለ፤ ነገር ግን አለቆቹ ጥፋተኛ ይፈልጋሉ።

«ሁለቱ ቀለም አንድ ነው ብለህ ፈርም። ዛሬውኑ ቤትህ ትገባለህ።»

ባለቤቴ ወሯ ገብቶ ነበር። ፈራሁ፤ እስክሪብቶውን ይዤ ብዙ ቆየሁ። ከዚያ ሦስት መስመር ጻፍኩ፦ የገበያው ወረቀት ቀለም የቀንዱ ቀለም አይደለም፤ ማን እንደጻፈው ይህ ሙከራ አይናገርም፤ ያየሁት ይኼን ብቻ ነው። ፈረምኩ።

አነበበው። ይቀደዋል ብዬ ስጠብቅ እርጥቡን ወረቀት ከጽሑፌ ጋር አያይዞ መዝገቡ ውስጥ ከተተው።

የኔታ በሦስተኛው ቀን ተፈቱ። ቀለማቸው ከቦታው አልነሣም ማለቱን ነግሬያቸው ስለነበር ሲወጡ እየሳቁ ነበር። «የጎጃም ጥላሸት ነዋ፣ ልጄ» አሉኝ፣ «በዋዛ አይነሣም።» ብራናውን በዚያው ክረምት ጨረሱት።

እኔ ግን የተባልኩትን ስላልፈረምኩ ሁለት ወር ቆየሁ። ልጄ የተወለደችው እዚያ ሳለሁ ነው፤ ደግነቱ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ስትነሣ ደረስኩ። አሁን ትምህርት ቤት ገብታለች፣ ጥያቄ አያልቅባትም። በቅርቡ ከእናቷ ሰምታ ይሆናል፣ «ስወለድ የት ነበርክ?» አለችኝ።

አስቀምጬ ነገርኳት፤ አንዱንም ሳልደብቅ፣ ሳላፍርም።