እጅ ውኃ ውስጥ ሳለ የሚነገር ተረት

ልጅ ሳለሁ በቤታችን ተረት የሚነገረው ልጅ ለማስተኛት ሳይሆን ሰው ለመውጋት ነበር። ቤታችን ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ በሚወርደው መንገድ አፋፍ ላይ ነበረች፤ ሲመሻሽ ጉሙ በበሩ ይገባና ከኩበቱ ጭስ ጋር ይቀላቀላል፤ እኛም ዓይናችንን እያሸን ፍሙን ከበን እንቀመጣለን። ጧፍ የሚበራው ለእንግዳ ብቻ ነው። ያኔ አባቴ ከንጉሡ ጦር ጋር ዘምቶ ስለነበር ቤቱን የሚገዛው ታላቅ ወንድሙ አያ ወልዴ ነበር። እሱ የሱፍ ባናውን ተከናንቦ ከምድጃው ወዲያ ይቀመጣል፤ እናቴ እንዝርቷን ይዛ ወዲህ፤ እኔ በመካከላቸው። አንቱ እያልሁት ነው ያደግሁት፤ አሁን ሞቷልና አንተ እለዋለሁ።

አያ ወልዴ እናቴን አይወዳትም ነበር። ወንድሜ ቆላ ወርዶ ዘሯ የማይታወቅ የነጋዴ ልጅ አገባ ብሎ እንደተቀየመ ኖረ። እሷም አትወደውም። ፊት ለፊት ስለማይነጋገሩ የሚሰዳደቡት በእኔ በኩል ነው። እሱ «ብርቄ፣ ተረት ልንገርሽ» ይልና፣ ደጋ ወጥታ እመቤት ነኝ ስላለች አንዲት የቆላ ዝንጀሮ ይተርካል። እናቴ እንዝርቷን እያሾረች ትሰማና፣ እሱ ሲጨርስ «እኔም ልንገርሽ» ትላለች፤ በእሷ ተረት ውስጥ ደግሞ ሁልጊዜ የሚያነክስ ሽማግሌ ጅብ አይጠፋም። አያ ወልዴ በድሮ ዘመቻ እግሩን ቆስሎ ያነክስ ነበር። ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ ይባላል፤ እኛ ቤት ጠጁ አልነበረም እንጂ ነገሩ ሞልቶ ተርፎ ነበር። እኔ ግን በማንኛቸውም ተረት ለመሳቅ እፈራ ነበር፤ ለአንዱ የሳቅሁ እንደሆነ ሌላው እስከ ማግስቱ ያኮርፈኛልና።

አንድ የጥቅምት ምሽት የባቄላ ንፍሮ ተጥዶ ሳለ አያ ወልዴ መብሰሉን እንዳይ አዘዘኝ። ድስቱን በጨርቅ ይዤ ሳዘነብል አንዱ ጉልቻ ከዳኝ፤ የሚፈላው ውኃ ቀኝ እጄ ላይ ተደፋ። የጮኽሁትን ጩኸት እስካሁን አልረሳውም።

ፈጥኖ የተነሣው አያ ወልዴ ነው፤ ብጠላውም ይህን አልክድም። ከግድግዳው ላይ የዓመት ቅቤ ያለባትን ቅል አወረደ። እናቴ ግን እጄን አፈፍ አድርጋ መጀመሪያ ያደረገችው ነገር ክርስትና ስነሣ እሱ ያጠለቀልኝን የብር አምባር መንጭቃ ማውለቅ ነበር። እጄ ሲያብጥ እንዳያንቀው ብላ ነው። እሱ ግን ስጦታው አመድ ላይ ሲወድቅ አየና ፊቱ ጠቆረ። ወደ ምንጩ ልትወስደኝ ስትነሣም በሩ ላይ ቆመ። የተቃጠለ ገላ ውኃ ከነካው እሳቱ ሸሽቶ አጥንት ይገባል የሚለው እምነት በአገሩ ሁሉ ነበረ፤ እሱም ከልቡ ያምነዋል። ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ በቀጥታ ሲነጋገሩ ሰማሁ።

«ውኃ ካስነካሻት እጇ ይሰልላል። እጇ ከሰለለ ደግሞ ወንድሜ ሲመጣ እነግረዋለሁ፤ ጓዝሽን ይዘሽ ወደመጣሽበት ትወርጃለሽ።»

«ቢሰልል ማንም ሳያባርረኝ እኔው እወርዳለሁ» አለች እናቴ። «አሁን ግን ከበሩ ላይ ዞር ይበሉልኝ።»

በጋቢዋ ጠቅልላኝ እጄን ብቻ አውጥታ ቁልቁል ሮጠች። ምንጩ ከቤታችን በታች ከቋጥኝ ሥር ይወርዳል። እጄን ከሚወርደው ውኃ ሥር አድርጋ ያዘችኝ። ብርዱ ከቃጠሎው የባሰ መሰለኝና ልነጥቃት ታገልሁ። በጉልበት እንደማትችለኝ ስታውቅ ተረት ልትነግረኝ ጀመረች፤ ተረቱ ሳያልቅም እጄን እንዳላወጣ አስማለችኝ።

ላም ሁለት ልጆች ወለደች፤ አንዱ ኩበት፣ አንዱ ቅቤ። ኩበት እሳት ቤት አድሮ የእሳት ሎሌ ሆነ። አንድ ቀን እሳት የሰው ልጅ እጅ ውስጥ ገብቶ አልወጣም አለ። ቅቤ «እኔ ላስታርቅ» ብሎ መጣ፤ ቁስሉ ላይ ተቀምጦ ግን «የወንድሜ ጌታ፣ አይዞህ ተቀመጥ፣ በሩን እኔ ዘግቼልሃለሁ» ብሎ ሹክ አለው። የልጁን ጩኸት የሰማችው ውኃ ነበረች። ስትሮጥ መጣች፤ ነገር ግን ከደጁ ላይ አያ ጅቦ የተቀደደ ባናውን ለብሶ፣ አንድ እግሩን አጥፎ ተቀምጧል። የማን ልጅ ነሽ አላት፤ ነገረችው። የእሱስ አባት ማን ነው አላት፤ ነገረችው። የእሱስ አባት? እንዲህ እያለ ሰባት ቤት አስቆጠራት፤ እሱ ግን የራሱን አያት ስም አያውቅም፤ የሚያውቀው በሰው ቤት መብላት ነው፤ ጥርሱ አልቆ አጥንት አቅቶት ቅቤ እየላሰ ነው የሚኖር፤ ለዚህ ነው ለቅቤ የሚያደላው። እዚህ ላይ እናቴ አትቸኩልም ነበር። ስለ አያ ጅቦ ሽታ፣ ስለ አያ ጅቦ ኩራት፣ አያ ጅቦ ሲያነክስ ምን እንደሚመስል ታወርደዋለች። በመጨረሻ ውኃ በእግሩ መሐል ሾልካ ገባችና እሳትን ውጣ አለችው። እሳት ባንድ ቃል አይወጣም። ተቀመጠች፣ ጠበቀች፣ ደግማ ውጣ አለችው፤ እሱ እስኪሰለች እሷ አልሰለቸችም።

በመካከሉ እጄን ባወጣሁት ቁጥር እንደገና ይነድ ነበር። ተረቱ ሲያልቅ ግን አወጣሁት፤ ያመኛል፣ ግን አይነድም። እናቴ የታጠበ ስስ ጨርቅ ላላ አድርጋ ጣል አደረገችበት፤ ምንም አልቀባችውም። በማግስቱ ውኃ ቋጠረ። አያ ወልዴ በእሾህ ላፍርጠው ቢል እናቴ አላስነካችም፤ ተኝቼ ሳለሁ እንዳይመጣ እጄን እብብቷ አጠገብ አድርጋ ታድር ነበር። ከዚያ ወዲያ ያንኑ ተረት ማታ ማታ በምድጃው ዳር ትደግመዋለች። አያ ጅቦ ላይ ስትደርስ ድምፅዋን ከፍ ታደርጋለች፤ አያ ወልዴም ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። ጠዋት ጠዋት ደግሞ ወደ ብርሃን ጎትቶ እጄን ያያል። ምን እንደሚፈልግበት አውቅ ነበርና በሌለበት ጣቶቼን እያጠፍሁ እዘረጋ ነበር፤ አንዷ አልታጠፍም ብትል እናቴ ትሄድብኛለች። ያኔ እንደፈራሁት ፈርቼ አላውቅም። ቁስሉ ደርቆ፣ ቆዳው ተልጦ፣ ጣቶቼ ሁሉ ታጠፉ። እሱ ግን አባቴ ሲመጣ እናቴን አስወጣታለሁ ማለቱን አልተወም።

አባቴ ሳይመለስ፣ እናቴ ገበያ በሄደችበት ቀን፣ አያ ወልዴ ድስት ከጉልቻው ሊያወርድ ሲል እንፋሎቱ መዳፉን ገሸለጠው። አልጮኸም። የቅቤዋን ቅል አወረደና ከፈታት። ለብዙ ጊዜ አያት። ከዚያ ከደናትና፣ ወዴት እንደምንሄድ ሳይነግረኝ፣ እያነከሰ ወደ ምንጩ ወረደ፤ እኔም ተከተልሁት። እጁን ከውኃው ሥር አደረገና ጀምሪ አለኝ።

ጀመርሁ። ላሟን፣ ኩበትን፣ ቅቤን ነገርሁት። አያ ጅቦ ላይ ስደርስ ግን ምላሴ ተሳሰረ፤ ባናው ያው የተቀደደ ባና ነው፣ እግሩም ያው እግር ነው። ስለዚህ ውኃን ማንም ሳያስቆማት አስገባኋትና እሳትን አስወጥቼ ጨረስሁ። እጁን አወጣው። ፊቱን አጨማድዶ መልሶ ከተተው።

«አያ ጅቦን ዘለልሽው» አለኝ።

ዓይኔን ወደ ቋጥኙ መለስሁ።

«እጄ ገና ይነዳል። ተመለሽና ንገሪኝ፤ ከነስድቡ።»

ተመልሼ ነገርሁት። የተቀደደውን ባና፣ የማያውቀውን የአያቱን ስም፣ በሰው ቤት መብላቱን፣ ማነከሱን፣ አንዱንም ሳላስቀር። እጄን በየጠዋቱ የጎተተበትን ቂም ሁሉ ጨምሬበት ስለነበር ከእናቴም ሳላስረዝመው አልቀረሁም። እሱ ዓይኑን ከውኃው ሳያነሣ ሰማኝ። ስጨርስ እጁን አውጥቶ አገላብጦ አየና ሽቅብ ወጣን። በዚያው ምሽት ግን እንደ ልማዱ የዝንጀሮዋን ተረት ጀመረ።

አባቴ የተመለሰ ዕለት ጎረቤት ሁሉ ወጥቶ ከሄደ በኋላ እናቴ ከምሰሶው አጠገብ ቆማ ነበር። ጓዟን አስራ እንዳስቀመጠች አይቻለሁ። አያ ወልዴ ከተቀመጠበት ሳይነሣ ወንድሙን ጠርቶ «ይህችን ሴት አልወዳትም፤ እስክሞትም አልወዳትም። ከዚህ ቤት ግን አትውጣ» አለው። አባቴ ምንም የሚያውቀው ነገር ስላልነበር ከአንዱ ወደ አንዱ እያየ ቀረ።

አልታረቁም። ሲሞት እናቴ ለቅሶው ላይ ተቀመጠች፣ እንባ ግን ከዓይኗ አልወጣም። እኔም የወደድሁት ጊዜ የለም።

ዛሬ የልጅ ልጆቼ ሲቃጠሉ ወደ ውኃ ይዤ ወርጄ ያንኑ ተረት እነግራቸዋለሁ። አንድ ጊዜ ልጄ «እማዬ፣ ለሕፃን እንዲህ ያለ ስድብ አይነገርም» ብላ ስለ ተቆጣችኝ አያ ጅቦን ከተረቱ አውጥቼ ለልጇ ነገርሁት። ተረቱ ቶሎ አለቀ፤ ልጁም እጁን አወጣና እሪ አለ። እናቴና አያ ወልዴ ተዋደው ቢኖሩ ኖሮ ያ ተረት እንዲያ አጭር በሆነ ነበር፤ እሳቱም ከእጄ ሳይወጣ ባደረ። ስለዚህ ስድቡን መለስሁት፤ ልጄም እስካሁን ትቆጣኛለች።