ቦዩና ጸበሉ

ባሌ ቄስ ዓምደ ሚካኤል ተቆጥተው አያውቁም፤ የምቆጣላቸው እኔ ነኝ። የእሳቸው ድምፅ ከደጅ አይሰማም፣ የኔ ግን ከተማ፣ ፋሲሎ ድረስ ይሰማል ይላሉ ጎረቤቶቼ። ይበሉ። እንዲያውም አንሶኛል።

ከባሕር ዳር ወጣ ብላ ጣና ዳር ባለችው ደብራችን የጸበሉ አጥማቂ እሳቸው ነበሩ። አባታቸውም እዚያው አጥማቂ ነበሩ። ምንጩ ከአለት ሥር ይወጣና ትንሽ ተኝቶ ወደ ሐይቁ ይወርዳል። ቄሱ እሱን ሲጠርጉ አደጉ፤ ቅስና ከተቀበሉም በኋላ ሌላ ሰው ሳያዙ በየጠዋቱ ቅጠሉን በእጃቸው ይለቅሙ ነበር። አንዳንዴ እኔ ከምንጩ ቀጥዬ የመጣሁ ሁለተኛ ሚስት ነኝ እያልሁ አበሽቃቸዋለሁ።

ከምንጩ በላይ ያለው መሬት ድሮ ጤፍና ዳጉሳ ነበር፤ አሁን ጫት ነው። ጫት ደግሞ ያለ ኬሚካል አይሆንላቸውም። ትል ነካው ብለው ይረጫሉ፣ ቅጠሉ ያብረቅርቅ ብለው ደግመው ይረጫሉ። ሲጨርሱ መርጫውን ቦዩ ውስጥ ያጥቡታል። ቦዩ በጸበሉ ጎን ነው የሚያልፈው፤ ዝናብ ሲጥል ሞልቶ ምንጩ ውስጥ ይገባል። ይህን ለማወቅ ትምህርት አያስፈልግም፣ ዐይን ይበቃል።

አምና ክረምት ሲገባ፣ ቦዩ ከሐይቁ በሚገናኝበት ላይ ቀረሶ ዓሣ ሆዱን ገልብጦ ተንሳፍፎ አገኘን። ጸበሉ ላይ ነጭ አረፋ ተኝቶበታል፤ ሽታው ያው የመርጫው ሽታ ነው። የጠጡትም ያስመልሱ ጀመር። ጸበል ጠጥቶ ማስመለስ እኛ ዘንድ አዲስ ነገር አይደለም። ሰው በባዶ ሆዱ ጆግ ሙሉ ጨልጦ ሲያስመልስ በሽታው ወጣለት ተብሎ እልል ይባላል። ጉዱ እዚህ ላይ ነው። ኬሚካል ጠጥቶ ያስመለሰውም እልል ተባለለት።

ቄሱ እልልታውን ሲሰሙ ፊታቸው ጠቆረ። በማግስቱ ከተማ ገብተው አቤት አሉ። አንዱ ቢሮ የውሃ ጉዳይ ነው አላቸው፣ ሌላው የእርሻ ነው አላቸው፣ ሦስተኛው የቤተ ክርስቲያን ግቢ ስለሆነ እናንተው ተነጋገሩ ብሎ ሸኛቸው። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ! እኔ እዚያ ብኖር ኖሮ ጠረጴዛ ይገለበጥ ነበር፤ እሳቸው ግን አመስግነው ወጡ።

የፍልሰታ ጾም ሊገባ ሲል ለሰበካ ጉባኤው ነገሩን አቀረቡ። በፍልሰታ ሕዝቡ ለሱባኤ ይጎርፋል፣ ዝናቡም የሚበረታው ያን ጊዜ ነው። ወይ ቦዩ ይዙር፣ ወይ ምንጩ እስከ መስቀል ይዘጋ አሉ። ቦዩ ይዙር ቢባል የሚያልፈው በአምባቸው ጫት መሐል ነው። አምባቸው ደግሞ የጉባኤው ምክትል ሰብሳቢ ነው፤ የጸበሉን ቤት ቆርቆሮ ያለበሰው እሱ ነው፣ ይህንንም ሰው እንዲረሳው አይፈቅድም።

«አባ፣ ጸበል ይመረዛል ብለው ሊያስተምሩን ነው?» አላቸው። «ወንጌሉ የሚገድል ነገር ቢጠጡ አይጎዳቸውም ይል የለም?»

«ይላል» አሉ ቄሱ። «አጠጧቸው ግን አይልም።»

ጉባኤው ግን ለአምባቸው አደላ፤ ቦዩም አልዞረ፣ ምንጩም አልተዘጋ። እምነታቸው ቀዝቅዟል የሚል ወሬም ተነዛ። በምንጩ ያደጉት ሰው! የዚያን ቀን ንዴቴ እህል አላስቀመሰኝም፤ እሳቸው ለሚጠጣው ሕዝብ ሲጸልዩ አመሹ።

ጾሙ አጋማሽ ላይ ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ነጋ። ሰዉ በባዶ ሆዱ፣ ነጠላውን ተከናንቦ፣ ጆግ ጆጉን ይዞ ተሰልፏል። አምባቸው ትንሿን ልጁን ዜማን ታቅፎ ከባጃጅ ወረደ። ትኩሳቱ አልለቅ ብሏት ከስታ ነበር። ሰልፈኛው መንገድ ለቀቀለት። እሱም ቄሱ አጠገብ ደረሰና ከጋቢው ሥር ክዳኗ ያልተከፈተ የሱቅ ውሃ አወጣ።

«አባ፣ በዚችኛዋ ላይ ይጸልዩልኝ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። እኔ አጠገባቸው ነበርሁ፣ ሰማሁት።

ቄሱ ውሃዋን አዩ፣ አረፋውን አዩ። ምንጩ ምን ሆነና ብለው ጠየቁት። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ!

«ልጄ እኮ ናት፣ አባ» አለ።

«እነዚህስ የማን ልጆች ናቸው?»

ይህን ሲሉ ድምፃቸው ከአለቱ ተላትሞ ተመለሰ። እንዲህ ሲጮኹ ሰምቻቸው አላውቅም። አንዲት ሴት የቀዳችውን ጆግ መሬት ላይ ደፋች። አምባቸው አንገቱን ሰበረ። ሕፃኗ ምን አደረገች? ቄሱ ውሃዋን ተቀብለው ጸለዩባት፣ ልጅቷን በእጃቸው አጠጧት፤ እሷም ዳነች፣ እግዜር ይመስገን።

አባቷ ግን ቦዩን አላዞረም። ቄሱ ቦዩ እስኪዞር ከዚያ ምንጭ አላጠጣም አሉ፤ ጉባኤው ሌላ አጥማቂ ተካ። ምንጩን መጥረግ ግን ማንም ስላላሰበበት በየጠዋቱ ቅጠሉን የሚለቅሙት አሁንም እሳቸው ናቸው፤ ለሚመጣው ሁሉ አትጠጡ ይላሉ። የሰማቸው ብዙ ነው። ዘንድሮ በፍልሰታ ገንዘብ ያለው ሁሉ የሱቅ ውሃ ይዞ መጥቶ ያስባርካል፣ አምባቸውም በካርቶን አስመጥቶ ለዘመዶቹ ያድላል። ጆግ ይዞ ወደ ምንጩ የሚወርደው መግዣ ያጣው ነው። እሱ ሲያስመልስ አሁንም እልል ይባልለታል።