ሦስተኛው የሚዛን ቁልፍ

ወሲላ ቅርያኒ ሰው የምታምነው መርምራ ነው፤ መርምራም ብዙ ጊዜ አታምንም። ቱኒዚያ፣ ስፋክስ ወደብ አጠገብ ባለው ፋርማሲዋ የሐኪም ወረቀት ሲሰጧት ፊትና ጀርባውን አገላብጣ፣ ሐኪሙ ዘንድ ደውላ ነው መድኃኒት የምታወጣው። የሰፈሩ ሰው "ወሲላ መድኃኒቱን እስክትሰጥህ በሽታው ራሱ ሰልችቶት ይሄዳል" እያለ ይቀልድባታል። ይቀልድ፤ ልጁ ሲታመም ግን እሷው ዘንድ ነው የሚሮጠው።

ይህ አመሏ ባይኖር ሚዛንም አይኖርም ነበር። ሚዛን የሕፃኑን ክብደት ሲነግሩት የመድኃኒቱን ልክ የሚያወጣ የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው፤ በነፃ ይታደላል። ማንም ውስጡን ከፍቶ ያነበዋል፣ ማንም እርማት ይልካል። እርማቱን ማስገባት የሚችሉት ግን ቁልፍ ያላቸው ብቻ ናቸው፦ ወሲላ፣ እና ፕሮግራሙን አብሯት የጻፈው ጡረተኛ የሒሳብ መምህር ሙንጂ። ሕጉን ያወጣችው ራሷ ናት። አንዱ የጻፈውን ሌላው መስመር በመስመር አንብቦ "ይለፍ" ካላለ ምንም አይገባም፣ የወሲላም ቢሆን።

አሁን ግን ግላኮማ አንድ ዓይኗን ወስዶ በሁለተኛው ላይ ጀምሯል። እሷ ማንበብ ያቆመች ዕለት የሙንጂን ሥራ የሚያይለት ስለማይኖር ሚዛን ባለበት ይቆማል። ሦስተኛ ባለቁልፍ የግድ ነው።

ለዚህ የሚሆን ሰው አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም ነውፈል የሚባል፣ ሞሪታኒያ፣ ኑዋክሾት የምኖር የፋርማሲ ሠራተኛ ነኝ የሚል ሰው። ሁለት ዓመት ሙሉ ንጹሕ እርማት ልኳል። በአክብሮት ላላ፣ ማለትም እመቤቴ፣ ይላታል፤ ብትሰድበው አይቀየምም፤ ብትመልስበት አስተካክሎ ይልካል። ፊቱን ግን አሳይቷት አያውቅም፤ ካሜራዬ ተሰብሯል ይላል። ወሲላን እንቅልፍ የነሳት ይኸው ነው። የማይቀየምና ምንም የማይጠይቅ ሰው፣ በእሷ ሒሳብ፣ አንድ ነገር አድብቶ የሚጠብቅ ነው።

"ስጪውና እንገላገል!" አለ ሙንጂ አንድ ዓርብ ቤቷ የዓሣ ኩስኩስ እየበላ። "አንቺ እኮ ጥላሽ ቢከተልሽ መታወቂያ ትጠይቂዋለሽ።"

"ጥላዬን ቢያንስ አየዋለሁ። ጅብ ከማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ሲባል አልሰማህም?"

"ኧረ እሱ መች አንጥፉልኝ አለሽ? እኔ ነኝ የምለምንለት።"

"እሱማ ነው የሚያስፈራኝ! ለምን አይጠይቅም?"

"ጉድ ፈላ! ቢጠይቅ ሌባ፣ ባይጠይቅም ሌባ። በይ ዓሣውን አቀብዪኝ።"

ሰኞ ዕለት ወጥመድ አዘጋጀች። በራሷ ስም ረዥም ማሻሻያ ጻፈች፤ ከደህና ደህናዎቹ መስመሮች መካከል የልጆች ትኩሳት ሽሮፕ ላይ የዐሥርዮሽ ነጥቧን አሻግራ ልኩን ዐሥር እጥፍ አደረገችው። ከዚያ ነውፈልን "እስቲ አንብብልኝ" አለችው። ዝም ብሎ ካሳለፈው ወይ ሰነፍ ነው ወይ ክፉ፤ ለሁለቱም ቁልፍ አይሰጥም። ለሙንጂ አልነገረችውም። እሱ ካየው ወዲያው ያገኘዋል ብላ ነው።

አንዲት እናት አስተናግዳ ስትመለስ ማሻሻያው ገብቶ ጠበቃት። ከሥሩ የሙንጂ ስም አለ፦ "እጅሽ ይባረክ፣ ይለፍ።"

ቆማ እንዳለች ወደ ኮምፒውተሩ ጎንበስ አለች። ሚዛንን ወደሚጠቀሙት ፋርማሲዎች ሳይደርስ መልሳ አወጣችው። ገና ሳትቀመጥ የነውፈል መልእክት በሚዛን የጋራ ገጽ ላይ ወጣ፦ "ይህን የጻፉት ላላ ወሲላ አይደሉም። ይህ ልክ ሕፃን ይገድላል። ቁልፋቸው ተሰርቋል፤ እሳቸው መሆናቸው እስኪረጋገጥ ይታገድ።"

ተናደደች፤ ልቧ ደግሞ በደስታ ዘለለ። ደወለችለት። በእሱ በኩል ስክሪኑ ጨለማ ነው።

"ይኸው ፊቴ። አየኸኝ?"

"ፊት ዛሬ በኮምፒውተርም ይሠራል፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። የመጀመሪያ እርማቴን ሲመልሱብኝ ምን ነበር ያሉኝ?"

"እኔን ነው የምትመረምረኝ?"

"አዎ፣ እርስዎን።"

አስታወሰችውና አፈረች። "ሕፃን ጉሮሮ ውስጥ መድኃኒት ከማፍሰስህ በፊት የማባዣ ሠንጠረዥ ልመድ፣ ነው ያልኩህ።"

ከጨለማው ውስጥ ሳቅ ተሰማ። "እርስዎ ነዎት። እንዲህ አድርጎ የሚሳደብ ሌላ ሰው የለም።"

ወጥመዱን ነገረችው። እስከ መጨረሻው ሰማትና "ገብቶ ነበር እኮ፣ ላላ" አለ። "ማነው ያሳለፈው?"

ደህና ዋል ብላው ዘጋችው።

ዓርብ ሙንጂ እንደ ልማዱ መጣ። የነውፈልን መልእክትም ሳያነብ ነበር የመጣው። የክብር ድርሻ የሆነውን የዓሣውን ራስ መርጦ ሳህኗ ላይ ሲያኖርላት ጠየቀችው።

"ሰኞ ያሳለፍክልኝን አንብበኸዋል?"

"መስመር በመስመር" አለ፣ ቀና ሳይል።

"ሽሮፑን ዐሥር እጥፍ አድርጌው ነበር፣ ሙንጂ።"

ማንኪያው ቆመ። ፊቱ ቀላ፣ ከዚያ ገረጣ። "የአንቺ ነው ብዬ ነዋ! የአንቺን ጽሑፍ ምኑን እጠረጥረዋለሁ? አንድም ቀን ተጠራጥሬሽ አላውቅም።"

አንድም ቀን። ወሲላ ከኋላዬ የሚያነብ ሰው አለ ብላ ነበር እነዚያን ዓመታት ሁሉ ተኝታ ያደረችው። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ሲባል ፈረሱ ሁልጊዜ ክፉ ይመስላት ነበር፤ ይህኛው የሚወዳት ፈረስ ነው። አለቀሰች፤ በማታይበት ዓይኗም በምታይበትም።

"ቁልፍህን እወስዳለሁ" አለችው። "ለነውፈል እሰጠዋለሁ። ሌላ ሦስተኛ ባለቁልፍ እስካገኝ እንዲህ እንቆያለን።"

"ፊቱን እንኳ ላላየሽው ሰው? ከእኔ ይልቅ?"

"እሱ አላመነኝም።"

ሙንጂ ሳህኑን ገፋ አደረገ። ወሲላ የዓሣውን ራስ ከራሷ ሳህን አንስታ እሱ ሳህን ላይ አስቀመጠችው።

"ብላ" አለችው፣ "ሊቀዘቅዝ ነው።"